የቅሬው ዳኛ ሁለተኛ ዓይን

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቴ «በል እንግዲህ፣ ከእግሬ ስር ዞር በልልኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሠላሳ ስንት ዓመት ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ባል የለመደች ሴት፣ ድንገት ቀኑን ሙሉ ወጥ ቤቷ በር ላይ የሚገተር ሽማግሌ ተረከበች። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ መገተር አልችልበትም። ድስት ስትከድን «ክዳኑ ዘመመ» እላለሁ፤ ሽንኩርት ስትከትፍ «አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ሆነ» እላለሁ። በመጨረሻ ቢላዋዋን አስቀምጣ የእህል ማስቀመጫ የነበረችውን ጓዳ ከፈተችልኝ።

«ይኸው» አለችኝ። «ዕድሜ ልክህን 'ጊዜ ባገኝ እሥል ነበር' ስትለኝ ኖረሃል። ጊዜውንም ክፍሉንም ሰጥቼሃለሁ። አሁን ደግሞ ምን እንደምታመካኝ አያለሁ።»

የማመካኘው አጣሁ። ጓዳዋን ጠርጌ፣ መስኮቷን ወልውዬ ገባሁባት።

ሥዕል የለከፈኝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ልጅ ሆኜ ቅዳሴው ሲረዝምብኝ ዓይኔ ግድግዳ ለግድግዳ ይዞራል። ሌላው ልጅ ቆሞ ሲያንቀላፋ እኔ የመላእክቱን ላባ እቆጥራለሁ፣ የፈረሱን ኮቴ አጠናለሁ። ያኔ ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት። ጻድቃኑ ሁሉ ፊት ለፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዓይን ያዩኛል። ሰይጣኑ፣ ይሁዳና ሰማዕታቱን በድንጋይ የሚወግሩት ግን ፊታቸውን አዙረው፣ በጎናቸው፣ በአንድ ዓይን ብቻ ነው የተሣሉት። እናቴን ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ክፉን ፊት ለፊት ካየኸው ልብህን ይሰርቅሃል፤ ስለዚህ አዙረው ይሥሉታል» አለችኝ። በእኛ አገር ይህን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ፊደል ያልቆጠረውም ቢሆን ሥዕልን በዓይኑ ቁጥር ያነብበዋል። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ሠዓሊ መሆን አማረኝ፤ የግብርና ሠራተኛ ሆንኩ። መጀመሪያ ወግዲ፣ ከዚያ ማሻ፣ መጨረሻ ላይ እዚሁ መካነ ሰላም። ግን እጄ አላረፈም። ለገበሬው የሚለጠፈውን ሥዕል እኔ ነበርኩ የምሠራው፤ እርከኑን፣ ማዳበሪያውን፣ የታመመችውን ላም። አንድ ጊዜ ላሟን በጣም አሳመርኳትና ገበሬዎቹ «ይቺን ላም የሚሸጠው ማነው» ብለው ቢሮ ድረስ መጡ። ስብሰባ ላይ ደግሞ ማስታወሻ የምይዝ መስዬ የአለቆቼን አፍንጫ እሥል ነበር። አንደኛው አለቃዬ ቃለ ጉባኤውን ሲገለብጥ የገዛ ፊቱን አገኘ። ወደ ማሻ የተዛወርኩት ያን ጊዜ ነው።

ጓዳዬ ከተዘጋጀች በኋላ ቀለም ፍለጋ ወጣሁ። ቀለም የሚሸጠው አንድ ሙስሊም ነጋዴ ጎረቤታችን ነው፤ ሚስማር፣ ገመድና የበር ቀለም ይነግዳል። «ቡናማ አለህ?» ብዬ ብጠይቀው «ወላሂ የለኝም ጋሼ፤ እዚህ አገር ሰው በሩን አረንጓዴ፣ መስኮቱን ሰማያዊ ነው የሚቀባው» አለኝ። «የሰው ፊት ልሥል ነው እኮ» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ለብረት የሚቀባ የዝገት መከላከያ አለኝ፤ ቀላ ያለ ነው፤ ሰውን የሚመስል ከሱ ሌላ የለም» አለኝ። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያ ሥዕሎቼ ሁሉ ከዝገት የተጠበቁ ናቸው። ሸራ የለም፤ አቡጀዲ በሙጫ እየቀባሁ በእንጨት ላይ ወጠርኩ። ባለቤቴን ሠራኋት። አየችውና «ማናት?» አለች። ቀጠልኩ።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልምጣ። ስሙን አልጠራም፤ «ስሜን አትጥራ እንጂ የፈለግከውን ጻፍ፤ የምታፍረው አንተ ነህ» ብሎኛል። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። የሰፈራችን የቅሬ ዳኛም እሱ ነው። ቅሬ የምንለው ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ነን፤ አብረን እንቀብራለን፣ አብረን ድንኳን እንተክላለን። እሱ ይዳኛል፣ ከቀብር የቀረውን ይገሥጻል። እኔ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ነኝ፤ ድስቱን፣ አግዳሚውን፣ ጭልፋውን እጠብቃለሁ።

ድሮ በሰንበት፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ በየቀኑ፣ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ዳማ እንጫወታለን። ጠጠሮቻችን የጠርሙስ ቆርኪዎች ናቸው፤ የእሱ በሆዳቸው፣ የእኔ በጀርባቸው። ከበረንዳው ጥግ ሁለት ቆርቆሮ ተደግፎ ቆሟል፤ ምን ሊሠራበት እንደገዛው ማንም አያውቅም፤ ዓመታት አልፈውታል። ባለቤቱ ሻይ ታመጣለች፣ የእሱን በቀኙ ታስቀምጥለታለች። እሱ ፊቱን ወደ ግራ ዘወር አድርጎ፣ ቀኝ ጉንጩን ለእኔ ሰጥቶ ይቀመጣል። ዳኝነቱ ያመጣበት ኩራት ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

እንግዲህ ልናዘዝ። እሰርቀው ነበር። ሲያስብ ኩራቱን ረስቶ ሰሌዳው ላይ ያጎነብሳል። ያኔ የበላብኝን ቆርኪ ከመዳፌ አውጥቼ በስተግራው ጥግ መልሼ ቁጭ አደርጋለሁ። አንድም ቀን አልያዘኝም። አፍንጫው ስር እኮ ነው። ባለቤቴን «እጄ እንዴት ቀላል መሰለሽ፤ የሠዓሊ እጅ ነው» እያልኩ እፎክርባት ነበር። «እፈር» ትለኛለች። አላፍርም ነበር።

የቅሬው አዳራሽ ቆርቆሮው ተቀይሮ፣ ግድግዳው ተለስኖ ሲያልቅ፣ የሰባታችንን የኮሚቴ አባላት ሥዕል እንድሠራ ጉባኤው ወሰነ። ቀለሙን ነጋዴው ሰጠ፤ እሱም ከሰባቱ አንዱ ነው። ሁሉንም ጓዳዬ ውስጥ እያስቀመጥኩ ሠራኋቸው፤ አንዱ ጢሙን አስረዝሞ፣ አንዱ ራሰ በራውን በባርኔጣ ሸፍኖ። ዳኛው ብቻ እምቢ አለ። «ፊቴን ስንት ዓመት ስታየው ኖረሃል፤ ከራስህ አውጥተህ ሥራው» አለኝ። እኔም በረንዳው ላይ እንደማውቀው ሠራሁት፤ በጎኑ፣ ቀኝ ጉንጩን ሰጥቶ። ራሴን ዳር ላይ ፊት ለፊት አስቀመጥኩ፤ ሁለት ዓይኔን እንደ አደባባይ አስፍቼ ሠራሁ።

በጎን የተሣለ ሰው እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። በዚያው ሳምንት ሁለት የቅሬ ጭልፋ ጠፍቶብኝ ዳኛው ሰው ሁሉ ፊት ገሥጾኝ ነበር። «ዕቃ የማይጠብቅ ሰው ሥዕል ይጠብቃል ወይ» አለኝ። ብሩሼን ስይዝ ጭልፋው ትዝ ይለኛል። በዘመናዊ ሥዕል በጎን መሥራት ነውር የለውም እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ለፈለገ ሰው ሰበብ አይጠፋም።

የምርቃቱ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። መጋረጃውን ስገልጠው መጀመሪያ «እሰይ» ተባለ። ቀጥሎ ዓይን መቁጠር ተጀመረ። ስድስት ሰው፣ ሁለት ሁለት ዓይን። ዳኛው፣ አንድ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት «እኔን አፈር ይብላኝ፤ ዳኛችን ምን በድለው ነው?» አሉ።

ነጋዴው ነገሩ አልገባውም። «ምን ችግር አለው? በጎናቸው ነዋ የተቀመጡት። ሰው በጎኑ አይቀመጥም?» አለ።

«በጎኑ የሚቀመጠው ይሁዳ ነው» አለ አንዱ ከኋላ።

«ያረቢ፣ እኔ ቀለሙን ነው የሰጠሁት» ብሎ ነጋዴው ወንበሩን ከእኔ ራቅ አደረገ።

ዳኛው ተነሥቶ ወደ ሥዕሉ ተጠጋ። ፊቱን ወደ ግራ ዘወር አድርጎ፣ ቀኝ ጉንጩን ሰጥቶ ተመለከተው። ልክ ሥዕሉን መስሎ ቆመ። ሰው ሳቁን አፈነ። እኔ አላፈንኩም፤ መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ወደ እኔ ዞረ።

«ለሰው ሁሉ አሳየህ ማለት ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። ከኪሱ የአዳራሹን ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ሌላ ዳኛ ፈልጉ» ብሎ ወጣ።

ሳቄ እዚያው ቀረ። የቅሬው ሽማግሌዎች ከበቡኝና «ሰውየውን አስቀይመህ ያስወጣኸው አንተ ነህ፤ መልሰው። ካልመለስከው ከሥዕልህ ጋር አብረህ ትወርዳለህ» አሉኝ። ባለቤቴ ቤት ስገባ ቀና ብላ አላየችኝም። «ሽንኩርቴን ስትተች ብትኖር ይሻልህ ነበር» ብቻ አለችኝ።

ሦስት ሳምንት ዳማ የለም። በአጥሩ በኩል ሳሉን እሰማለሁ፣ ሰላም ስለው አይመልስም። ሰው እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤም አላውቅ። አንድ ከሰዓት ሰሌዳውን ጓዳዬ ውስጥ ዘርግቼ ብቻዬን ተጫወትኩ፤ ለእሱም ለእኔም። ቆርኪ ሰረቅሁ። ራሴን ሰርቄ ራሴ ያዝኩት። ሰሌዳውን አጠፍኩ። ዳኝነቱን ለሌላ ይስጡት፤ ግድ የለኝም። እኔ ያ በረንዳ ከቀረብኝ ግን ከሰዓቱን ምን አደርገዋለሁ?

መጀመሪያ በአቋራጭ ልገላገል ሞከርኩ። ሥዕሉን ከአዳራሹ አስመጥቼ፣ በጎን ባለው ፊቱ ላይ ሁለተኛ ዓይን ጨመርኩለት። ሁለቱም ዓይን አንድ ጉንጭ ላይ ዋለ። ባለቤቴ ብቅ ብላ አየችውና «አሁንስ ክፉ ብቻ አይደለም፤ ታሟልም» አለች። ፋቅሁት።

በማግስቱ ጠዋት ብሩሽና ቀለሜን ይዤ በሩን አንኳኳሁ። ጭጋጉ ገና ከባሕር ዛፉ ላይ አልተነሣም። ባለቤቱ አስገባችኝ። እሱ በረንዳው ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል፤ አላናገረኝም። ፊቱ ቆሜ ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ።

«በድያለሁ። ጭልፋው ላይ ስለገሠጽከኝ ተናድጄ ነው ያዞርኩህ። ይቅር በለኝ።»

«ጭልፋው?» አለ።

«ጭልፋው።»

አንዳች ነገር ሊናገር ብሎ ተወው። ፊቱ ግን ለቀቅ አለ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። «ቁጭ በል። ምንድነው የያዝከው?» አለኝ። ፊት ለፊት ልሠራው እንደመጣሁ ነገርኩት። ብዙ አቅማምቶ «እሺ፣ ቶሎ ጨርስ» አለ።

ቀና አድርጌ አስቀመጥኩት፤ ወደ ግራ ዞረ። መልሼ አቀናሁት፤ ዞረ። «ይሄን ኩራትህን ለአንድ ሰዓት አስቀምጥልኝ» ብዬ አገጩን ይዤ አቃናሁት። ቀኝ ዓይኑን ሠራሁ። ጥሩ መጣልኝ፤ ብሩሹን ሳንቀሳቅስ ዓይኑ እየተከተለ እጄን ያሯሩጠኛል። ወደ ግራው ሄድኩ። ግራው አይከተልም። ጥቁሩን ሳየው መሀሉ ላይ ብርሃን የለም። ዝንብ መጥታ ግራ ሽፋሽፍቱ ጫፍ ላይ አረፈች፤ አላርገበገበም። ባለጌ እጄ አላርፍ ብሎ ቡጢ ጨብጬ በግራ በኩል ወደ ዓይኑ ሰነዘርኩ። ምንም።

ከሰውየው ፊት ለፊት ስንት ዓመት ተቀምጬ፣ ሠዓሊ ነኝ እያልኩ፣ ፊቱን ያየሁት ያን ጠዋት ነው።

«ጨረስክ?» አለኝ።

«ግራ ዓይንህ …» አልኩና ብሩሼን አወረድኩ።

ወጥ ቤቱን በቀኝ ዓይኑ አየ፤ ባለቤቱ እንዳትሰማ ነው። «ሥዕሉን ስትሠራው አታውቅም ነበር?» አለኝ።

«ምኑን?»

«እኔ አውቀህ መስሎኝ ነበር። አንድ ዓይና መሆኔን ደርሰህበት ለቅሬው ሁሉ የለጠፍክብኝ መስሎኝ ነበር። የይሁዳውን ነገር ማን ጉዳዬ ብሎት።»

ቀስ እያለ ነገረኝ። ከአምስት ዓመት በፊት ዓይኑ ደበዘዘ። «ቆርቆሮ ልገዛ ነው» ብሎ ደሴ ወረደ። ሐኪሙ ነርቩ ሞቷል፣ አይመለስም አለው። ውሸቱ እንዳይታወቅ ሁለት ቆርቆሮ ገዝቶ በአውቶቡስ ጣሪያ ጭኖ ተመለሰ። ልጆቹ ካወቁ ደሴ ወስደው ፎቅ ላይ ያስቀምጡኛል ብሎ ይፈራል። እዚያ ማንን ይዳኛል? ከማን ጋር ይጣላል? ስለዚህ ፊቱን ወደ ግራ እያዞረ፣ በደህናው ዓይኑ እያየ ኖረ።

እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። አምስት ዓመት። በስተግራው ጥግ።

«የዳማውን ነገር …» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«እንዴት ታውቃለህ? አታይም እኮ።»

«ጆሮዬ ደህና ነው። ቆርኪ ሲቀመጥ ድምፅ አለው። አንተ እጄ ቀላል ነው ትላለህ፤ እንደ ግንደ ቆርቁር ነው የምታንኳኳው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«'ሌባ' ብልህ 'የታል፣ አሳየኝ' ትለኛለህ። የቱ ጋ እንዳስቀመጥከው አላይማ።»

መሬቱን አየሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። አለቃዬ ፊቱን ቃለ ጉባኤው ላይ ሲያገኘውም አላፈርኩም። ሰውየው ምስጢሩን ለማቆየት ሲል አምስት ዓመት ሙሉ ተሰረቀልኝ፤ እኔ ደግሞ በእጄ እኩራራለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በእውነት እጫወታለሁ ብዬ ልምል አፌን ስከፍት አስቆመኝ።

«ተው። በአንዴ ታማኝ ከሆንክ ባለቤቴ ትጠረጥራለች። 'ምን አግኝቶት ነው' ትላለች። እንደ ወትሮህ ስረቅ። ለእኔ ግን ሁለት ዓይን ሣልልኝ፤ ሁለቱም የሚያዩ።»

ባለቤቱ ሻይ ይዛ መጣች። የእሱን በቀኙ፣ እጁ ሳይፈልግ የሚያገኘው ቦታ ላይ አኖረችለት። እንደ ሁልጊዜው። ያኔ ገባኝ። እሷም ስታውቅ ኖራለች። ያን ቀን አልነገርኩትም፤ አንድ ሰው በአንድ ጠዋት የሚችለው ይበቃዋል። ኋላ ስነግረው ለሳምንት ሻይ አልጠጣም ብሎ አኮረፈ።

ሁለቱን ዓይን ሠራሁለት። ለግራው የጨመርኩት አንዲት የነጭ ጠብታ ናት፤ መሀሉ ላይ። የዓይን ሕይወት ማለት ያቺ ጠብታ ናት። ለእሷ ብቻ ሳምንት ሙሉ ፈጀሁ።

በሚቀጥለው ጉባኤ መጋረጃውን ስገልጥ ሁሉም ይቆጥራል። አሮጊቷ ተጠግተው የዳኛውን ፊት አዩና «ተመስገን፤ አሁን ሰው ሆኑ» አሉ። ቁልፉ ተመለሰለት። ቆጠራው ግን አላለቀም። ዳሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እርስዎ ደግሞ ምነው ዞሩ?» አሉኝ።

ራሴን በጎን አድርጌዋለሁ። ያን ያሳመርኩትን ፊት ፍቄ፣ አንድ ዓይን ብቻ ትቼ፣ ከጻድቃኑ አዙሬዋለሁ። «ጭልፋውን እየፈለግሁ ነው» አልኳቸው። አዳራሹ ሳቀ። ነጋዴው «እንዳልኳችሁ፣ ሰው በጎኑ ይቀመጣል» ብሎ ሰውን ሁሉ በኩራት ዞሮ አየ።

ዳኛው ተነሥቶ መጣ። ፊቱን ወደ ግራ ዘወር አድርጎ፣ ቀኝ ዓይኑን ሸራው ድረስ አስጠጋ። የራሱን ፊት አልፎ ወደ እኔ ወረደ፤ ከፊቴ ወደ እጄ። ጨበጥ ያደረግሁት መዳፌ ውስጥ፣ ከጣቶቼ መሀል፣ አንዲት ትንሽ ቆርኪ በጀርባዋ ሠርቻለሁ። ካልተጠጉ አትታይም። አገኛት። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እስኪያስለው ሳቀ፣ ግድግዳውን እስኪደገፍ ሳቀ፣ እንባው ከሁለቱም ዓይኑ ወረደ።

ሰው ሁሉ ስለ ጭልፋው የሚስቅ መስሎት አብሮት ሳቀ።